የማይበሉት ሦስቱ ቆስጣዎች

ሰውዬውን በሥራ ቦታው በትክክለኛ ስሙ የሚጠራው የሠራተኞች ፋይል ያዡ ብቻ ነበር፤ እሱም በዓመት አንዴ። ሌላው ሁሉ፣ ከጥበቃው እስከ ዋና ኃላፊው፣ «ውሃ ልክ» ነው የሚለው። ግንበኛ እንዳይመስላችሁ፤ አትክልተኛ ነው። የአንድን ትልቅ መሥሪያ ቤት የቁጥቋጦ አጥር ሠላሳ አምስት ዓመት ሲከረክም የኖረ አትክልተኛ። መጀመሪያ ችካል ይተክላል፣ ከችካል ችካል ሲባጎ ይወጥራል፣ ከዚያ ከሲባጎው በላይ ቀና ያለውን ሁሉ፣ ቅርንጫፍ ይሁን አበባ ሳይል፣ በረጅሙ መቀሱ ያነሳዋል። አንድ ቀን አንድ ቀልደኛ ሹፌር ግንበኞች የሚለኩበትን ውሃ ልክ ተውሶ መጥቶ የአጥሩ አናት ላይ ቢያጋድመው፣ አረፋዋ ከመሐል ንቅንቅ አላለችም። ቅጽል ስሙ ያን ቀን ጸደቀ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። በር አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ በእግር በሚረገጥ መኪና፣ የሰፈሩን ሰው ግማሽ አልብሳለች። ሰዎች የገዙትን ጨርቅ ይዘው ሲመጡ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሐል አሸት አሸት ታደርገውና፣ «ሱፍ ነው ብሎ የሸጠልሽ ሰውዬ ጉድ ሠርቶሻል» ትላለች። ተሳስታ አታውቅም። እንዲያውም አንዳንዶቹ ጨርቁን ከመግዛታቸው በፊት ቁራጭ ለምነው እያመጡ ያስዳስሷት ነበር።

ባልና ሚስቱ በሠላሳ አራት ዓመት ትዳራቸው ሌላው ሰው በሚጣላበት ነገር አልተጣሉም። በዘመድ አልተጣሉም፣ በልጅ አልተጣሉም። የተጣሉት ከመኝታ ቤታቸው መስኮት ሥር፣ በጓሮ በኩል ባለችው መሬት ነው። ርዝመቷ ስምንት እርምጃ፣ ስፋቷ ሦስት እርምጃ። እሱ ከዳር፣ ወደ መተላለፊያው መንገድ በኩል፣ ከመሥሪያ ቤቱ አጥር ቁራጭ እያመጣ ቅጠሉ የማይረግፍ ቁጥቋጦ ተከለባት። እሷ በቁጥቋጦውና በመስኮቱ መሐል ቆስጣ ዘራችባት። ጭቅጭቁ የተጀመረው በዚያው ሳምንት ነው።

«ቅጠሉ አይረግፍም» ይላል እሱ። «ክረምት ከበጋ አረንጓዴ ነው። አንዴ ከያዘ ሃምሳ ዓመት ይኖራል። እኛን ሸኝቶ ልጃችንን ይጠብቃል። ቆስጣሽ ግን ዛሬ አለ፣ ነገ ሾርባ ነው።»

«ሃምሳ ዓመት ኖሮ ምን ሊያደርግልኝ?» ትላለች። «ያንተ ቁጥቋጦ እኮ ባዶ እጁን እንደሚመጣ እንግዳ ነው። ቁጭ ይላል፣ ይጠጣል፣ አምሮበት ይታያል፤ ድስት ሲጣድ ግን የለበትም።»

ሁለቱም እውነት ነበራቸው፤ ለዚህም ነው ጭቅጭቁ ሠላሳ አራት ዓመት የቆየው። የቁጥቋጦ ነገር ትዕግሥት ነው። ቁራጩን ትተክለዋለህ፤ ልኑር አልኑር እያለ ሲያመነታ ዓመት ይከርማል። በሁለተኛው ዓመት ጉልበት ይደርሳል፣ በአራተኛው አጥር ይባላል። ከዚያ ወዲያ ውሃ እንኳ አይለምንህም፤ የሚፈልገው በየሦስት ሳምንቱ መቀስ ነው። ቆስጣ ግን ችኩል ነው። ዘሩን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ በጣት ጥልቀት ትቀብረዋለህ፣ በሳምንቱ ብቅ ይላል፣ በስድስተኛው ሳምንት ይለቀማል። የዳር የዳሩን ለቅመህ ልቡን ከተውክለት መልሶ ይሰጥሃል። ታዲያ ውሃ ያጣ ቀን በግማሽ ቀን ይጠወልጋል፣ ቀንድ አውጣ ዕረፍት አይሰጠውም፣ ሁለት ዓመት ሲሞላውም ዕድሜው ያልቃል። እሱ «ቀንድ አውጣዎችሽ አጥሬን ወረሩት» ሲል፣ እሷ «የቁጥቋጦህ ሥር እየተሳበ መጥቶ ውሃዬን ጠጣብኝ» ስትል፣ እንዲህ ሲባባሉ አረጁ።

ቆስጣው ደግሞ እንዲያው ቆስጣ አልነበረም። አገዳው እንደ ቀይ ሥር የቀላ ነው። ዘሩን ከእናቷ ቤት ስትወጣ በጨርቅ ቋጥራ ይዛው መጣች፤ እናቷም ከእናቷ ተቀብላዋለች። ልብስ ሰፊዋ በየጊዜው ከሁሉም የሚያምሩትን፣ ቅጠላቸው የሰፋ አገዳቸው የደመቀ ሦስት ቆስጣዎች ትመርጥና ቁራጭ ጨርቅ ታስርባቸዋለች። እነዚያ አይበሉም። ቤት ውስጥ ምንም ባይኖር፣ እንግዳ ቢመጣ፣ አይነኩም። «ምርጡን በልቶ ከተረፈው ዘር የሚይዝ ሰው፣ የከርሞው ጓሮ ትርፍራፊ ይሆንበታል» ትላለች።

አትክልተኛውን ያስመረሩት እነዚያ ሦስቱ ናቸው። ቆስጣ ለዘር ሲተዉት መልኩ ይጠፋል። በሁለተኛው ዓመት ከመሐሉ ወፍራም አገዳ ይመዝና የሰው ደረት እስኪደርስ ይረዝማል፤ ከዚያ በዘር ተጭኖ ይጎብጣል፣ ይዛነፋል፣ ይደርቃል። እሷ በእንጨት ደግፋ በልብስ ቁራጭ ታስረዋለች። ለሌላ ሰው ያለቀለት አረም ነው የሚመስለው። ለውሃ ልክ ደግሞ ዓይን የሚወጋ ነገር ነበር፤ የመጡበት ሰዎች አጥሩን ሲያደንቁ ከጀርባው እነዚያ ሦስት ሰካራሞች ተደጋግፈው ይታያሉ። በተጋቡ በዓመታቸው አንዱን ቆረጠው። ዘጠኝ ቀን አላናገረችውም። በዐሥረኛው ቀን በእሱና በእሷ መሬት መሐል ሰባት ነጫጭ ድንጋዮች ደረደረና፣ «መቀሴ ይሄን ድንጋይ አያልፍም» ብሎ ማለላት። አላለፈም። ሠላሳ ሦስት ዓመት ቃሉን ጠበቀ።

ዘሩ ደርሶ እንደሆነ የምታውቅበት የራሷ ዘዴ ነበራት። ሸካራዋን ፍሬ በጣቶቿ ታሸትና በጥርሷ ትነክሳታለች። ቀጭ ካለች ደርቃለች። ያኔ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ሰውዬው የትም ይሁን የት፣ «ደርቋል!» ብላ ትጣራለች። እሱም «እሰይ፣ ተገላገልን!» ይላል፤ ሦስቱ ሰካራሞች ሊነቀሉለት ነውና። በየዓመቱ ይኸው ነበር ጨዋታቸው።

አንድ ልጅ አለቻቸው፤ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር። አባቷ «መሪ ስትይዝ የኔን ሲባጎ ታስንቃለች» እያለ ይኮራባታል። ልጅቱ ዓመታት በሰው ቤት ፎቅ ላይ በአንዲት ክፍል ስትኖር ቆይታ፣ በመጨረሻ ጓሮ ያለው ቤት አገኘች። ለእናቷ የነገረቻት ዕለት ሁለቱ ሴቶች በደስታ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ሦስቱ ቆስጣዎች አገዳቸውን መዘው ቆመው ነበር፣ ገና አረንጓዴ።

«እማዬ፣ የዘንድሮውን ዘር ለኔ!» አለች ልጅቱ።

«ታዲያ ለማን ኖሯል?» አለች እናት። «እናቴ ለኔ፣ እኔ ላንቺ። በገዛ እጄ ፈትጌ፣ በገዛ እጄ ቋጥሬ እሰጥሻለሁ።»

ከዚያ ታመመች። የሆድ ሕመም ነው ብላ ስትደባብቀው ሰንብታ፣ አንድ ቀን መኪናዋ ላይ እንደተቀመጠች ክር ማስገባት አቃታት። ሆስፒታል ገባች። አምስት ሳምንት ተኛች። ውሃ ልክ ከሥራ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ሥራ ሲመላለስ ቤቱን የሚያየው ለመኝታ ብቻ ሆነ። በአምስተኛው ሳምንት መጨረሻ ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ጠራውና፣ «ከዚህ በኋላ ቤቷ ብትሆን ይሻላል» አለው። ሐኪም እንዲህ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ለማወቅ መማር አያስፈልግም። ሰውዬው «እሺ» ብሎ መጸዳጃ ቤት ገብቶ አለቀሰ።

ከዚያ ግን አንድ ነገር ያዘው። ነገ ልትመጣ ነው፤ ቤቱ አምሮ ሊጠብቃት ይገባል። የሰው ልጅ የሚበልጠውን ነገር ማድረግ ሲያቅተው በሚችለው ይበረታል። ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ ወለሉን ጠረገ፣ መጋረጃውን አጠበ፣ አልጋውን ከግድግዳው አላቅቆ መስኮቱ ሥር አደረገላት። በመጨረሻ ወደ ጓሮ ወጣ። አጥሩ አምስት ሳምንት መቀስ አላየም፤ ፀጉሩን እንዳልተቆረጠ ሰው ተንጨባሯል። ችካሉን ተከለ፣ ሲባጎውን ወጠረ፣ መቀሱን ሳለ።

ሦስቱን ቆስጣዎች ደግሞ አምስት ሳምንት ሙሉ ማንም አልደገፋቸውም። የታሰሩበት ጨርቅ ተፈቷል፤ በዘር የተጫነው አገዳቸው ድንጋዩን ተሻግሮ በሙሉ ቁጥቋጦው ላይ ተጋድሟል፣ ቅርንጫፉ ውስጥ ተሰግስጓል። ሰውዬው እየቆረጠ ይሄዳል፤ ልቡ ግን እዚያ የለም። ልቡ ነገ ከታክሲ እንዴት እንደሚያወርዳት፣ ትራሷን በየት በኩል እንደሚያደርግላት ያስባል። ሠላሳ አምስት ዓመት የለመደ እጅ ደግሞ ባለቤቱን አይጠይቅም። ከሲባጎው በላይ ያለውን ሁሉ አነሳው። ሲጨርስ አፈግፍጎ አየው። ቀጥ ብሏል። «ይሄን ስታይ ደስ ይላታል» አለ ለራሱ፤ ጉርዱን ሁሉ በጆንያ ሞልቶ፣ በነጋታው ጠዋት ለመጣው የቆሻሻ ጋሪ ሰጠ።

ልጅቱና እሱ ደግፈው በፊት ለፊት በር አስገቧት። ክብደቷ የልጅ ሆኗል። መስኮቱ ሥር አስተኟት። ከተኛችበት ሆና ወደ ውጭ ስታይ የምታየው የአጥሩን አናትና ሰማዩን ብቻ ነው፤ የቆስጣው መሬት ከመስኮቱ ደፍ በታች ስለሆነ አይታያትም። ትንሽ ተነፈሰችና፣

«ሰውዬ» አለች፣ «ዘሩስ? ደረሰ?»

ለውሃ ልክ ነገሩ የገባው ያን ጊዜ ነው። ውሃ የያዘ ብርጭቆ እጁ ላይ ነበር፤ ብርጭቆውን ማስቀመጫ አጣ። ዓይኑ ፊት ሲባጎው፣ መቀሱ፣ ጆንያው፣ ጋሪው ድርድር ብለው መጡበት።

«ገና... ገና ነው» አለ። «አልደረቀም።»

«ሲደርቅ አምጣልኝ። እኔው ልፈትገው። ለልጅቱ ቃል ገብቻለሁ» አለችና ዓይኗን ጨፈነች።

ወጥቶ ሲያይ ሦስት ጉቶዎች ቆመዋል፣ ቀጥ ተደርገው የተቆረጡ። ቁመታቸው ሳይቀር እኩል ነው። ለምግብ የተዘሩትን ደግሞ አምስት ሳምንት ጥም ጨርሷቸዋል፤ ያምናውም ዘር ለጎረቤት ታድሎ አልቋል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ያለ ነገር አስጠላው። መሬቱ ላይ ተንበርክኮ በጣቱ አፈሩን ፈተሸ፤ ቁጥቋጦው ውስጥ ክንዱን እስከ ትከሻው አስገብቶ ዳበሰ። ዘር ሲረግፍ ፍሬ መጣሉ አይቀርም ነበር፤ ግን ገና አልደረቀ፣ ምኑ ይረግፋል? ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ሄደ። የሰፈር ሁሉ ጆንያ ተከምሮ ተራራ አክሏል፣ የጠዋቱ ደግሞ በትልቅ መኪና ተጭኖ ሄዷል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ግን ሰው ሲጨንቀው መሬቱን ጭምር ለማፈስ ይሞክራል።

ጎረቤት ዞረ። ሚስቱ ያልሰጠችው ሰው የለማ! ከማዶ ያለችው አዋላጅ ሃያ ዓመት ከእጇ ዘር ወስዳለች።

«አስቀምጠሽ ይሆን?» አላት።

«ውይ ጋሼ፣ እኔ እኮ እበላዋለሁ እንጂ ዘር ይዤ አላውቅም» አለች አዋላጇ። «እሷ እያለች ምን አስጨነቀን? በየዓመቱ በጨርቅ ቋጥራ በር ታንኳኳ የለም እንዴ?»

ጡረተኛው ስልከኛም ያለው ይህንኑ ነው፣ ጫማ ሰፊውም። ሁሉም በልተውታል፤ አንድም ሰው ሦስት ቆስጣ ሳይበላ ትቶ አያውቅም። ሁሉም ደግሞ «እንዴት ናት?» ብለው ሲጠይቁት «ደህና ናት» ይላል። ውሸቱ እንዲህ እየበዛ ሄደ።

እሷ በየቀኑ ትጠይቃለች። ጠዋት «ደረቀ?» ትላለች፤ እሱ «ደመና ሆኖ ነው» ይላል። ከሰዓት «ዛሬማ ፀሐይ ነበር» ትላለች፤ «አንድ ሁለት ቀን» ይላል። በሠላሳ አራት ዓመት ዋሽቷት አያውቅም፤ ጥሩ ሰው ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ስለማይችልበትም ነው። ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል። አሁን ፊቱን ወደ መጋረጃው እያዞረ ይናገራል። እሷ ደግሞ በየቀኑ እያነሰች ሄደች። ማልቀስ የሚችልበት ቦታ ጓሮው ብቻ ነበር፤ እዚያ ደግሞ ጉቶዎቹ አሉ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። ውሃ ልክ የእርሻ ዕቃ መደብር ሄደ። ዘር ሻጩ ፓኬት አወጣለት።

«ቀይ አገዳ ነው?» አለ ሰውዬው።

«ነጭ ነው፣ አባት። ቀይ የለንም። ሲነኩት እጅዎን ይታጠቡ፤ ነቀዝ እንዳይበላው መድኃኒት ተቀብቷል።»

ቤት ወስዶ ሲከፍተው ዘሩ የሠርግ ከረሜላ ይመስል ሮዝ ነው። የሷ ዘር የደረቀ አፈር ነበር የሚመስለው። እሷ ቀትር ላይ ሸለብ ሲያደርጋት ጠብቆ፣ ከቤቱ ጀርባ በሳፋ ውሃ አጠበው። ውሃው ሮዝ ሆነ። ደፋው፤ ደግሞ አጠበው። አራት ጊዜ። ጋዜጣ ላይ አሰጥቶ ፀሐይ ላይ አዋለው። ሲደርቅ ከጉቶዎቹ የቀረውን ደረቅ ልጥ አድቅቆ ከአፈር ጋር ቀላቀለበት፣ ከአገዳ ላይ አሁን የተፈተገ እንዲመስል። ሽማግሌ ተንኮል ሲጀምር እንዲህ ነው፤ ላብ በላብ ሆኖ፣ ራሱን እየረገመ።

በማግስቱ ልጅቱ ከሥራ ስትወጣ የደንብ ልብሷን እንደለበሰች መጣች። ሦስቱም መኝታ ክፍል ውስጥ ነበሩ። ሰውዬው ዘሩን በሳህን አቀረበ።

«ይኸው» አለ። «ደርሷል።»

ልብስ ሰፊዋ ትራስ ተደገፈችና እጇን ሳህኑ ላይ አደረገች። አንዷን ፍሬ አነሳች። ዓይኗን ጨፈን አደረገች። አሸት አሸት አደረገቻት። ከዚያ ወደ አፏ ወሰደቻት፤ ልትነክሳት ነው! ውሃ ልክ በጭንቀቱ ብዛት ይሄን ረስቶታል። መድኃኒት ነው! ሊጮህ አፉን ከፈተ። ፍሬዋ ከንፈሯ ጋ ስትደርስ ግን ቆመች። ልብስ ሰፊዋ አሸተተቻት። ዓይኗን ገልጣ የባሏን እጆች አየች፤ የጣቶቹ ጫፍ፣ ጥፍሩ ሥር ሥሩ፣ ሮዝ ነው። ቀና ብላ ጆሮውን አየች።

ፍሬዋን ቀስ ብላ ወደ ሳህኑ መለሰቻት።

«ደርቋል» አለች። «በደንብ ደርቋል።»

እሰይ ማለት የሱ ተራ ነበር፤ እሱ ግን ሳህኑን ማስተካከል ያዘ። እሷ ከትራሷ ሥር ቀደም ብላ የሰፋቻትን ትንሽ ከረጢት አውጥታ ዘሩን ጨመረች፣ አፏን ቋጠረች፣ ለልጇ ሰጠቻት። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ደክሞሃል፣ ሰውዬ። አረፍ በል እንጂ» አለችው። «ይሄን አጥርህን ደግሞ ዝቅ አድርገህ እንዳትቆርጠው። ከዚህ ተኝቼ የሚታየኝ እሱ ብቻ ነው። አረንጓዴ ነው፤ ስነቃ አለ፣ ስተኛ አለ። ለካ ለዚህ ጊዜ ነው የሚሆነው።»

ሠላሳ አራት ዓመት የጠበቀው ምስጋና ነበር። መጥቶ ሲሰማው አንጀቱን በላው። ባይመጣ ይሻለው ነበር።

ቤቷ በገባች በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን ሞተች። ጠዋት ነበር፤ ውሃ ሊቀዳላት ወጥቶ ሲመለስ ፊቷ ወደ መስኮቱ እንደዞረ ነው። ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ፣ ቀበሯት። አዋላጇ አለቀሰች፤ ስልከኛው የሰፋችለትን ኮት ለብሶ ቆመ። ሁሉም ነገር ሲያበቃ ውሃ ልክ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ቀረ፣ ከዋሸው ውሸት ጋር። ሐዘኑን ሰው ይካፈለዋል፤ ውሸቱን ግን የሚካፈለው የለም። «እያመንሽኝ ሞትሽ» ይላል የልብስ መኪናዋን እያየ። ቁጥቋጦውን ሊነቅለው ሁለት ጊዜ አካፋ አነሳ። ያለችው ትዝ ሲለው ሁለቱንም ጊዜ መለሰው።

ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ልጅቱ ደወለች። «አባዬ፣ በቅሏል። ና እየው።»

መሄድ ፈራ። ሄደ። በራሷ አውቶቡስ፣ ከጀርባዋ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ፌርማታ ፌርማታውን ሲቆጥር ደረሱ። ጓሮዋ ንጹሕ ነው፣ መደቡ ተኮትኩቷል። ቆስጣዎቹ የጣት ርዝመት ሆነዋል። ጎንበስ ብሎ ሳያይ ቀድሞ ያውቀው ነበር፤ አገዳቸው ነጭ ነው። ወተት ነው። መደቡ ዳር ተቀመጠ።

«ልጄ» አለ፣ «ይሄ የናትሽ አይደለም። የናትሽን እኔ ቆረጥኩት። ቤቱን ላሳምርላት ብዬ... ሲባጎው ላይ ተጋድሞ... ከሱቅ ገዝቼ አጥቤ...» መጨረስ አቃተው። ኮቱን ፊቱ ላይ አድርጎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ልጅቱ ከነደንብ ልብሷ አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«አውቃለሁ፣ አባዬ። ያን ዕለት አንተ ውሃ ልታመጣ ስትወጣ እማዬ ነግራኛለች። ‘ይሄ የሱቅ ነው፤ የኔውን ቆርጦታል፣ ጥፍሩ ሥር ቀለሙ አለ’ አለችኝ።»

«አውቃ ነው? ታዲያ ምነው ዝም አለችኝ? ምነው አልተቆጣችኝም?»

«እኔም እንደሱ አልኳት። ‘ዘሬ መጥፋቱ አንጀቴን ቆርጦታል’ አለች። አልቅሳለች አባዬ፣ አልዋሽህም። ከዚያ ግን ዓይኗን ጠርጋ ሳቀች። ‘ሠላሳ አራት ዓመት ስለምነው፣ አንድ ቀን ለቆስጣ ሲጨነቅ አየሁት። ይበቃኛል’ አለች። ‘እስኪበቅል እንዳትነግሪው፤ አሁን ካወቀ አጠገቤ መቀመጥ ያፍራል፤ የቀረኝ ጊዜ ጥቂት ነው፣ አጠገቤ እፈልገዋለሁ’ አለችኝ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው ውሸት አይደለም፤ ሲጠራ ግን አንዳንዴ ከጨለማው ይልቅ ያማል። ውሃ ልክ ቆስጣዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ነካካቸው። በኋላ ሊሄድ ሲነሳ፣ «ከነዚህ ሦስት ታውሺኛለሽ?» አላት። ልጅቱ ከነአፈራቸው ነቅላ በጣሳ ሰጠችው።

ከድንጋዩ ወዲያ፣ በሷ መሬት ላይ ተከላቸው። ዘሩ የሷ አይደለም፤ ይሄን ያውቃል። እናቷና የእናቷ እናት ይዘውት የመጡት ቀይ አገዳ ከዚህ ዓለም ጠፍቷል፣ ያጠፋው ደግሞ የሱ እጅ ነው። ቢሆንም አልበላቸውም። አሁን ያጠጣል፣ ቀንድ አውጣ ይለቅማል፣ ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ያያቸዋል። በሁለተኛው ዓመት አገዳቸውን መዘዙ፣ ጎበጡ፣ እንደ ልማዳቸው አጥሩ ላይ ተጋደሙ። ሲባጎውን ወጥሮ እየከረከመ መጣና እነሱ ጋ ሲደርስ አቆመ። መቀሱን አስቀምጦ ከሷ የቁራጭ ጨርቅ ቅርጫት አንድ ሰማያዊ ጥብጣብ አምጥቶ አሰራቸው። አጥሩ እዚያ ቦታ ላይ ሁለት ክንድ ያህል ሳይቆረጥ ቀረ። ስልከኛው በመተላለፊያው ሲያልፍ አይቶ፣ «ውሃ ልክ፣ ዘንድሮስ ተዛነፍክ!» አለው። «ተዛነፍኩ» አለ።

ዘሩ ቡናማ ሲሆን አንዷን ፍሬ ቀጠፈ። እሷ እንደምታደርገው በጣቶቹ አሻት፤ የመቀስ ጣት ነው፣ ምንም አልነገረው። በጥርሱ ነከሳት። ድምፅ አሰማች፣ ግን ያ ድምፅ ቀጭ ይሁን ሌላ ሊለይ አልቻለም። ሠላሳ አራት ዓመት ከሩቅ «ደርቋል!» ሲባል ሰማ እንጂ ፍሬዋ ስትነከስ ሰምቶ አያውቅም። ወደ መስኮቱ ዞረና፣

«ደርቋል እንዴ?» አለ።

መጋረጃው ገለጥ ብሏል፣ አልጋው ተነጥፏል። ትንሽ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ አገዳዎቹን ሳይቆርጥ ተዋቸው፤ ሁለት ቀን ፀሐይ ይጨመርላቸው ብሎ ወደ ቤት ገባ።